ሚስቴን ተከትዬ አሜሪካ ስገባ፦ የኤፍ 2 ኑሮና የመንጃ ፈቃድ ጣጣ

ባለቤቴ ለዶክትሬት ሙሉ ስኮላርሺፕ ስታገኝ የባንክ ሥራዬን ለቅቄ አብሬያት መጣሁ። «ሚስቱን ተከትሎ ሄደ» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ይበሉ። ጎበዟ እሷ ናት፤ እኔም ኮርቼባታለሁ።

ቪዛው፣ ማለትም ኤፍ 2 የሚባለው የተማሪ ባል ወይም ሚስት ቪዛ፣ ብዙም አላስቸገረም። የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ በስሜ የወጣ አይ 20 (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪና ለቤተሰቡ የሚያወጣው ወረቀት)፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ አለቀ። ኤፍ 2 ምን እንደሚከለክል ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። ሥራ የለም፤ በትርፍ ሰዓትም ቢሆን። ሶሻልም (የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር) አይሰጥም። መማር ይቻላል፤ እሱም በፈረንጆቹ 2015 ከወጣው ደንብ ወዲህ ከሙሉ ጊዜ በታች ከሆነ ነው። «በካሽ ሥራ፣ ማን ያይሃል?» የሚሉ ሐበሾች አይጠፉም። አትስሟቸው። ከተነቃባችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ገደል ይገባል።

ገና አገር ቤት ሳላችሁ ዩኒቨርሲቲውን «በጄ 1 (የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ) መምጣት እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጄ 1 ተማሪ ባል ወይም ሚስት የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ሁለት ዓመት አገራችሁ ተመልሳችሁ ቆዩ የሚል ግዴታ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አጣሩ። እኛ ይህን የሰማነው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን ወደ መንጃ ፈቃዱ ልምጣ። ያለንበት ከተማ ትንሽ ነው። እሁድ አውቶቡስ የለም። መኪና የማይነዳ ሰው ቤት ውስጥ ነው የሚውለው። ሶሻል ስለሌለኝ መጀመሪያ «ሶሻል አይገባህም» የሚል ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። እምቢ ለመባል ተሰልፌ፣ እምቢታውን በወረቀት ተቀብዬ መጣሁ።

የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ጋ ያለችው ሴትዮ ፓስፖርቴን ገልጣ ጥፍሯን ቪዛው ላይ አሳረፈች። «ጊዜው አልፏል።» አዎ፣ አልፏል። ቪዛ ግን መግቢያ ነው። አገር ውስጥ የመቆያ ጉዳይ የሚታየው አይ 94 (ስንገባ የሚመዘገብልን የመግቢያ ሰነድ) ላይ ሲሆን የእኔ ላይ ቀን የለም፤ «ዲ/ኤስ» ይላል። የባለቤቴ ትምህርት በሕጉ መሠረት እስከቀጠለ ድረስ ቆይ ማለት ነው። ይህን አስረዳኋት። ወደ ኮምፒውተሯ አየችና «እዚህ ቀን ነው የሚጠይቀኝ» አለች። አለቃዋ መጣ፤ እሱም ቪዛውን አየ፤ እሱም «አልፏል» አለ። አንድም ሰው አይ 20ውን አልገለጠም! ማብቂያ ቀኑ እኮ እዚያ ላይ በጉልህ ተጽፏል።

በመጨረሻ «ኢሚግሬሽን ያጣራልሃል፣ ውጤቱ በፖስታ ይመጣል» ብለው ሸኙኝ። ፖስታው አልመጣም። ሄጄ ስጠይቅ «ጠብቅ»፣ ስደውል ሙዚቃ። በዚህ መሃል በረዶው ገባ። ባለቤቴ ማታ ከላብራቶሪ በእግሯ ስትመጣ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አዲስ አበባ ላይ ስንት ዓመት የነዳሁ ሰው! እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የዳንኩት እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ «ሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ነው» ይላል። አይደለም። አንድ የናይጄሪያ ተማሪ ሌላ ወረዳ ወዳለ ቅርንጫፍ በመኪናው ወሰደኝ። ባለቤቴንም ይዣት ሄድኩ። አመልካቹ ብቻ ይበቃል ይላሉ፤ እናንተ ግን ይዛችኋት ሂዱ፤ የእሷን አይ 20ም ጭምር። እዚያ ያሉት ሽማግሌ አይ 20ውን ራሳቸው ገልጠው ማብቂያ ቀኑን ጻፉት። ወዲያው ተስተካከለ። የመንገድ ፈተናው ምንም አልነበረም፤ መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት የነዳ ሰው በዚያ አይወድቅም።

አሁን የሌሊት ሹፌሯ እኔ ነኝ። ፈቃዱ ግን የሚያገለግለው አይ 20ው እስኪያበቃ ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ሲራዘም ማሳደስ ግድ ነው። የእሷ ዘንድሮ ተራዝሟል። ሰፈራችን ያለው ቅርንጫፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሽማግሌው ጋ ነው የምሄደው።