ለሁሉም ክፍት ነው ብዬ ነበር

እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ የሂሳብ ትምህርቴን በቪዲዮ እየቀረጽኩ ኢንተርኔት ላይ መጫን ጀመርኩ። ክፍያ የለው፣ ምዝገባ የለው። የፈለገ ይማር ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ደረቴን ነፋሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማን እንዳየው ስቆጥር ደነገጥኩ። የሚከታተሉት ክፍል ውስጥም እጃቸውን የሚያወጡት እነዚያው ልጆች ናቸው። ከኋላ የሚቀመጡት የሉም። መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንዷን ደውዬ ጠየቅኳት። ስልኩ የእናቷ ነው። እናቷ ከሥራ የምትገባው ሲመሽ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ይቀድማታል። ተራዋ ሲደርስ ባትሪው አልቋል። «ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ስትጀምር እተወዋለሁ ቲቸር፣ ዳታው ያልቃል» አለችኝ።

በዚያው ዓመት ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጡት ሪፖርት፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ የዓለም ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህሉ፣ ቤታቸው ኢንተርኔት አልነበረም። ለካ እኔ «ሁሉም» የምለው ሲሶውን ኖሯል።

ቪዲዮውን ትቼ ድምፅ ብቻ መቅረጽ ያዝኩ። 10 ደቂቃው ቪዲዮ 100 ሜጋባይት ገደማ ይበላ ነበር፤ ድምፁ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ሲሆን 2.4 ሜጋባይት ብቻ ሆነ። አንድ ገጽ ጽሑፍ አያይዤ እልካለሁ። ሂሳብን ያለ ሰሌዳ ማስተማር ግን ጉድ ነው! «ይሄኛው ወዲያ ይሻገራል» የሚለው ልማዴ ለሚሰማ ሰው ምንም አይነግርም። «ከእኩል ምልክቱ በሁለቱም በኩል 5 ቀንሱ» ማለትን የለመድኩት ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ክፍል ውስጥም የተሻልኩ አስተማሪ የሆንኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ኮሊብሪ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ። ትምህርቱ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ልጆቹ በራውተር በኩል ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝተው በስልካቸው ይከፍቱታል። እዚህም ተሳሳትኩ። እንዳይሰረቅ ብዬ ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው፤ እኔ የሌለሁ ቀን የሚከፍትላቸው የለም። ካወረድኩት ውስጥ ብዙው በእንግሊዝኛ ስለነበር ልጆቹ ሥዕሉን አይተው ይዘጉታል። በቋንቋቸው የቀረጽኩትን ድምፅ ስጨምርበትና ቁልፉን ለተማሪዎቹ ስሰጥ ነው ሰው የገባበት።

ያቺ ልጅ አሁን ሚሞሪ ካርድ ይዛ ትመጣለች። ለወንድሟም ትገለብጥለታለች።