12፣ 4፣ 8፦ የታመሙ ልጆችን ቤታቸው ሄጄ ስከታተል የተማርኩት

ነርስ ነኝ። ጉለሌ ውስጥ፣ በተለይ ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ በጠና የታመሙ ልጆችን ቤታቸው እየሄድኩ እከታተላለሁ። ሥራው በወረቀት «የማስታገሻ ሕክምና» ይባላል። ስሙን የሰማ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ተስፋ ቆረጣችሁ ማለት ነው?» ብሎ ነው። አይደለም። ለካንሰር ኬሞ እየወሰደ ላለ ልጅም፣ የልብ ሕመም ላለባትም ይሰጣል፣ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ ሳይገባቸው ሌላ ነገር አልጀምርም።

ብዙ ሰው ከባዱ ነገር ሞርፊን የሚባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ማግኘት ይመስለዋል። እሱም አለ። አንድ አባት ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲንከራተት ውሎ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ። ግን ጠርሙሱ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ይብሳል። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። «በጣም ሲያመው እሰጠዋለሁ» ትላለች እናት። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን የሚያገለግለው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሕመሙ እስኪመለስ ከተጠበቀ ልጁ በከንቱ ይሠቃያል፣ ከተነሣ በኋላ ማውረዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

እዚህ ላይ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ባለውለታዬ ነው። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8። ሌሊቱም ያው ነው፣ 12፣ 4፣ 8። ሦስት ቁጥር ብቻ! ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ ማንበብ ለማትችል እናት ደግሞ ስልኳ ላይ አላርም እሞላላታለሁ። በማንኪያ መለካት የለም፤ የጓዳ ማንኪያ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ እሰጥና ሐኪሙ ያዘዘው መጠን የሚደርስበት መስመር ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ከዚያ እናትየው በውሃ ደጋግማ እየሞላች ታሳየኛለች።

«ሱስ አይሆንበትም?» የማይል የለም። ለሕመም፣ በታዘዘው መጠን ሲሰጥ የሚያስቸግረው ሱስ ሳይሆን የሆድ ድርቀት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ እጨቀጭቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ ሊበዛበት እንደሚችልም አስቀድሜ እናገራለሁ፣ አለዚያ አያት ተነሥተው «ልጄን አደነዘዛችሁት» ይላሉ፣ እሳቸው ካሉ ደግሞ ጠርሙሱ ተመልሶ አይከፈትም። ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ግን ቀጣዩን ሳይሰጡ ወዲያው ይደውሉልኛል። ፍርሃቱ የቤተሰብ ብቻ አይደለም፣ እኛ ባለሙያዎችም እንፈራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የልጆች ሕመም መመሪያ ኮዴይን የሚባለውን መለስተኛ ማስታገሻ ከመሃል አውጥቶ የማስታገሻዎቹን ደረጃ ሁለት አድርጎት ነበር፦ ለቀላሉ ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን፣ ለመካከለኛውና ለከባዱ ሞርፊን። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2019 እስኪነሣ ድረስ፣ ለልጅ ሞርፊን ማዘዝ ለሚከብደው ሰው ይህን ነበር የምጠቅስለት።

ሕመምን መለካት ራሱ ሙያ ነው። እኔ የምይዘው አራት ቆርኪ ነው። አንድ ማለት ትንሽ ያማል፣ አራት ማለት ከዚህ በላይ ሕመም የለም። እግሩ ላይ የአጥንት ካንሰር ያለበት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፣ በሄድኩ ቁጥር አንዷን ብቻ ገፋ ያደርግልኛል። አንድ ቀን እናቱ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። በሩን አየና ሦስት ቆርኪ ገፋልኝ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ታለቅሳለች።» እናትየው ደግሞ ቀደም ብላ ጓዳ ውስጥ ምን አለችኝ? «እሱ ፊት አላለቅስም ሲስተር፣ ይጨነቅብኛል።» ሁለቱም እየተደባበቁ፣ መጠኑ ግን በዚያች በአንዷ ቆርኪ እየተሰላ ነው! ሳላስፈቅደው እንደማልናገር ነገርኩት፣ ትንሽ አስቦ እሺ አለ። እናቱ ስትመለስ ቆርኪዎቹን ለሷም ሰጠኋትና ቀኗ እንዴት እንደዋለ በነሱ እንድታሳየን ጠየቅኳት። አራቱንም ደረደረች። «አንቺን ደግሞ ምን አመመሽ?» አላትና ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም ተውኳቸው። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ ልጅን ለብቻውም ሳልጠይቅ አልወጣም።

ጠበል ሌላው ነገር ነው። ጠበል ከተጀመረ መድኃኒት ይቆማል የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። አልከራከርም። የንስሐ አባታቸውን አገኛለሁ። በኤች አይ ቪ ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰዳል ማለታቸውን የሚያስታውሱ ካህናት አሉ፣ እነሱ አንድ ቃል ከተናገሩ የኔ የሳምንት ስብከት ያንን አያህልም።

የቁስል ሽታንም ማንም አያነሳውም እንጂ ልጅን ከሰው የሚለየው እሱ ነው። ሐኪም ሲፈቅድ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ፈጭተን ስናጥብ ቁስሉ ላይ እንነሰንሳለን፣ ሽታው ይቀንሳል። ያኔ የሰፈር ልጆች ተመልሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ለጥየቃ የሚመጣውን ጎረቤት በተመለከተ ደግሞ፣ ሙዙን አስቀምጦ ከንፈር ከሚመጥ እናትየው ሁለት ሰዓት እንድትተኛ ልጁን ቢጠብቅላት እመርጣለሁ። የእድር ሴቶች ይህን ተራ ገብተው ሲሠሩት አይቻለሁ።

ልጁ ሲያርፍ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ሰው ሳሳ ሲል ደግሞ ተመልሼ እሄዳለሁ። የተረፈውን ሞርፊን ተቀብዬ አስመዝግቤ እመልሳለሁ። ታናናሾቹን «ወንድማችሁ ክፍለ ሀገር ሄዷል» ያሏቸው እንደሆነ እውነቱን እንዲነግሯቸው እለምናለሁ፣ ልጆቹ ይጠብቁታልና። እናትየዋ ግን በሆዷ ሌላ ጥያቄ ይዛለች፦ «ያን ሌሊት የሰጠሁት መድኃኒት ይሆን የገደለው?» ስትሰጪው የነበረው ያው የታዘዘው መጠን ነው፣ የወሰደው በሽታው ነው፣ እላታለሁ። በሚቀጥለው ስሄድም እደግምላታለሁ። ካልጠየቀችኝ እኔው አነሳዋለሁ።