አንድ ልጅ፣ ብዙ ወረቀት

በሕፃናት የነርቭ ሕክምና ክፍል የምንሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የምንጠራው ከሁሉም በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚጥል በሽታው ይታከማል፤ ኤምአርአይ ይነሣል፤ ልብና ኩላሊት በአልትራሳውንድ ይታያሉ። «ልጁ ይማታል»፣ «ሌሊት አይተኛም»፣ «ፊደል ቢያስተምሩት አልያዝ አለው» የሚሉት ነገሮች የሚነሡት ቤተሰቡ የመድኃኒት ማዘዣውን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ነው። ደጅ የተሰለፈው ሕመምተኛ ብዙ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይተላለፋል። ለዓመታት ያየሁት ይህንን ነው፤ ያሳዝነኛልም።

ላወራላችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። ሕመሟ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ኮምፕሌክስ ይባላል፤ እኛ በአጭሩ ቲኤስሲ እንለዋለን። ከ6,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። ቲኤስሲ1 ወይም ቲኤስሲ2 ከተባሉት ሁለት ዘረ መሎች በአንዱ ላይ ለውጥ ሲደርስ፣ ኤምቶር የተባለው የሴሎችን እድገት የሚመራ ሥርዓት ከቁጥጥር ውጭ ይሆንና በአንጎል፣ በቆዳ፣ በልብና በኩላሊት ላይ እባጮች ይበቅላሉ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ የቅጠል ቅርጽ ያላቸው ነጣ ያሉ ቦታዎች አሉ። ጎረቤት «ለምጽ ነው» ብሎ ሲሸሻት ኖሯል። ጉንጮቿና አፍንጫዋ ዙሪያ ደግሞ ብጉር የሚመስሉ ቀያይ እብጠቶች ወጥተዋል።

እናቷ የመጣችው በፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ነው። አንዱ ጤና ተቋም «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ኦቲዝም ይጣራ» ይላል። ሦስተኛው «ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ» የሚል ነው። ከትምህርት ቤቱ የተላከው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደግሞ ልጅቷ ተማሪዎችን ስለምትደበድብ ወላጅ መፍትሔ እስኪፈልግ ድረስ ቤት እንድትቆይ ያዝዛል። እናትየዋ ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸውና፣ «እህቴ፣ እኔ የወለድኩት አንድ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ በሽታ የማን ነው?» አለችኝ።

ከወረቀቶቹ መካከል ሐሰት የጻፈ አልነበረም። ሁሉም ያየውን ነው የጻፈው። ችግሩ እያንዳንዱ ወረቀት ወደ ሌላ ቢሮ፣ ወደ ሌላ ወረፋ፣ ወደ ሌላ የትራንስፖርት ወጪ የሚመራ መሆኑ ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር አራት ቦታ ሂዱ ማለት የትም አትድረሱ ከማለት ብዙም አይለይም።

በቲኤስሲ ዙሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን መበታተን ቀደም ብለው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ከዚህ ሕመም ጋር የሚመጡትን የባህርይ፣ የስሜት፣ የትምህርትና የአስተሳሰብ ችግሮች ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር አድርገው «ታንድ» አሏቸው። ቲኤስሲ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ከእነዚህ ችግሮች አንዳንዶቹ እንደሚገጥሟቸው፣ ምርመራም ሆነ እርዳታ የሚያገኙት ግን 20 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ፔትረስ ደ ቭሪስ የተመሩ ተመራማሪዎች ስለ ታንድ ችግሮች ሐኪምና ቤተሰብ አብረው የሚሞሉት መጠይቅ አሳተሙ።

መጠይቁ ብቻውን በቂ አልነበረም። ሲሞላ ረጅም የችግር ዝርዝር ይወጣል፤ የአንዱ ሰው ዝርዝር ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ አንድ ዓይነት የዘረ መል ለውጥ ባላቸው መንትዮች መካከል እንኳ ልዩነት ይታያል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ከእነዚህ ችግሮች የትኞቹ ናቸው ተያይዘው የሚመጡት? መጀመሪያ ከደቡብ አፍሪካና ከአውስትራሊያ በተገኙ 56 ሰዎች ሞከሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የ453 ሰዎችን መረጃ አጥንተው ሰባት የችግር ቡድኖች አገኙ። ኦቲዝም መሰል ጠባዮች አንድ ላይ ይሄዳሉ። ቁጣ፣ ድብደባና ራስን መጉዳት ሌላ ቡድን ናቸው። አመጋገብና እንቅልፍ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ድብርትና ጭንቀትም እንዲሁ። መቅበጥበጥና ችኩልነት፣ የማስታወስና የማቀድ ችግር፣ እንዲሁም የንባብ፣ የጽሕፈትና የስሌት ችግር የየራሳቸው ቡድን አላቸው። ቡድኖቹ የሐኪም ምርመራን አይተኩም፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት መነገር አለበት። እኔ የምወዳቸው ከየት እንደምጀምር ስለሚያሳዩኝ ነው።

ከእናትየዋ ጋር መጠይቁን ይዘን ተቀመጥን። በሩጫ ቢሞላ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ እኛ ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ወሰደብን፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ «አዎ» የራሱ ታሪክ አለው። ስለ ድብደባው ስጠይቃት በአጭሩ መለሰችልኝ። እንቅልፍ ላይ ስንደርስ ግን ዝም አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አነሣችና የተኮማተረና የሳሳ ቦታ አሳየችኝ። «ይህን ከእጇ ጋር አስሬ ነው የምተኛው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ብድግ ትላለች። ካልሰማኋት ወደ ምድጃው ትሄዳለች።» ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም አልነበረም። ፌስታሉ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች በአንዱም ላይ እንቅልፍ የሚል ቃል አላገኘሁም።

በሳምንታዊው የጉዳይ ውይይታችን ላይ አንድ ባልደረባችን ለድብደባው ሪስፐሪዶን እንዲጀመርላት ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ መድኃኒቱ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ከባድ ቁጣ ይታዘዛል። እኔ መጠይቁን ዘርግቼ የእንቅልፉን ቡድን አሳየሁና ጥቂት ሳምንታት እንድንጠብቅ ጠየቅሁ። የነርቭ ሐኪማችን ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ደጋግመው ካዩ በኋላ፣ «ቀኗን ከማከማችን በፊት ሌሊቷን እንያት» አሉ።

ለእናትየዋ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጠናት፤ ልጅቷ የነቃችባቸውን ሌሊቶች በስክሪብቶ እንድታከብብ ነገርናት። መምህርቷ ደግሞ ድብደባ የነበረባቸውን ቀናት በደብተር ላይ እንድትይዝ ተስማማን። እዚህ ላይ ስለ መምህርቷ አንድ ነገር ካልተናገርሁ ይቆጨኛል፤ ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ከክፍል ሲያስቀር እሷ ግን በዕረፍት ሰዓቷ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታስተምራት ነበር። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የከበዱት ቀናት በአብዛኛው ከከበዱት ሌሊቶች ቀጥሎ የመጡ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ እናትየዋ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ መጣ። ልጅቷ ተነሥታ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፤ ምንም ሳይኖር ከንፈሯ ያኝካል፤ ጣቶቿ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይነካካሉ። ስሟን ይጠሯታል፤ አትመልስም። ቤተሰቡ ቅዠት መስሏቸው ጸበል ይረጩባት ነበር። ሐኪማችን ቪዲዮውን ደጋግመው አዩት። የሚጥል በሽታው ሌሊት ሌሊት በሌላ መልክ እየመጣ ነበር። የምትወስደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽ ስለሆነና በየጤና ጣቢያው ስለሚገኝ በአገራችን ብዙ ሰው የሚወስደው እሱን ነው፤ አንዳንድ ልጆችን ግን ያቅበጠብጣል። ሐኪማችን ቀስ በቀስ እየቀነሱ በሌላ መድኃኒት ተኩላት።

ሌሊቶቿ ተረጋጉ። ድብደባው ጨርሶ ባይጠፋም መምህርቷ ብቻዋን ልታበርደው የምትችለው ሆነ። ሪስፐሪዶን ሳይጀመር ቀረ። የቦታ ለውጥ አሁንም ያስለቅሳታል፤ ፊደል አሁንም ይከብዳታል፤ አንዱ ቡድን ሲቀል ሌሎቹ አብረው አይጠፉም። ስለዚህ እናትየዋን ቀጥሎ የትኛውን እንያዝ ብለን ጠየቅናት። ምርጫው የእሷ እንዲሆን አጥብቄ እታገላለሁ፤ ከልጅቷ ጋር የምታድረው እሷ ናትና። የመረጠችው የቦታ ለውጡን ነው፤ ታክሲ በሌላ መንገድ በሄደ ቁጥር ሰው ፊት መሳቀቅ መሯታል። የቀኑን ውሎ በሥዕል እየደረደሩ ለልጅቷ አስቀድሞ ማሳየት ከቤትም ከክፍልም ተጀመረ።

በዚሁ ቀጠሮ ላይ እናትየዋ በፍርሃት አንድ ጥያቄ አነሣች፤ በምን ኃጢአቴ ነው? በቲኤስሲ ከተያዙት ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላይ ለውጡ ከወላጅ ያልተወረሰ፣ በራሱ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ እንደሆነ ነገርኳት። ከወላጅ ቢወረስ እንኳ የማንም ጥፋት አይደለም። ደጋግማ አስነገረችኝ፤ በኋላም ባሏን ይዛ መጥታ «ለእሱም ንገሪው» አለችኝ።

አንድ ነገር ለባልደረቦቼ ማስታወስ እፈልጋለሁ። የባህርዩ ለውጥ ድንገተኛ ከሆነ ቡድን ፍለጋ አይገባም፤ መጀመሪያ ሰውነት ይታይ። በቲኤስሲ የአንጎል ፈሳሽ መተላለፊያ አጠገብ እባጭ ሊያድግና ፈሳሹን ሊዘጋ ይችላል፤ ራስ ምታትና ትውከት የታከለበት መነጫነጭ ቀጠሮ አይጠብቅም። የኩላሊት ሕመምም መናገር የማይችልን ልጅ ቁጡ ያደርገዋል።

መጠይቁ አሁን ከእኔ ቢሮ ወጥቶ ከክፍላችን ነርሶች ጋር ተቀምጧል። ቲኤስሲ ያለበት ልጅ ሁሉ፣ ቤተሰቡ አቤት ቢልም ባይልም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይሞላለታል፤ ዓለም አቀፉ መመሪያ የሚለውም ይህንኑ ነው። ልጅቷ ከ12 እስከ 16 ባለው ዕድሜዋ ደግሞ ጥልቅ የሆነ ምርመራ ይጠብቃታል። እስከዚያው የያዝነው ንባብን ነው። እናትና መምህርት ተነጋግረው የመረጡት እሱን ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መምህርቷ የልጅቷን ደብተሮች ይዛ ትመጣለች።