ከጉዝ ቤይ እስከ ናርሳርስዋክ

ካናዳ ውስጥ ባለችው ጉዝ ቤይ ነዳጅ የሚሞላልን ወጣት ሊያናግረን ፈልጎ የጆሮ መከላከያውን ወደ አንገቱ አወረደው። አጠገባችን ሌላ አውሮፕላን ሞተሩን እያሞቀ ነበር። መልሶ እንዲያደርገው በእጄ አሳየሁትና ጥያቄውን እንዲጽፍልኝ ስልኬን ሰጠሁት። «ስንት ሊትር?» ነው ያለው። ለዚህች ጥያቄ ጆሮ አይከፈልም።

ከቨርጂኒያ ተነስተን በትንሽ አውሮፕላን ዓለምን ለመዞር ወጥተናል። ዓላማችን ሰው ስለ መስማት ችግር በግልጽ እንዲያወራ ነው። አውሮፕላኗ ባለ አንድ ሞተር ቦናንዛ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ አስገብተንላታል። የሚያበርሩት ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ ፓይለት ናቸው፣ ጆሯቸውም ደህና ነው። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ካርታውን፣ ነዳጁንና የአየሩን ሁኔታ እከታተላለሁ። ሁለቱም ጆሮዎቼ ላይ መስሚያ መሣሪያ አለ።

አሜሪካ ስገባ ሥራ የጀመርኩት እንደ ብዙ ሐበሻ ኤርፖርት ነው። ሻንጣ እጭን ነበር፣ እዚያው ሞተሩ ሥር። ጆሮዬን አሞኝ አያውቅም። መጀመሪያ ማታ ስተኛ ጭው ይልብኝ ጀመር። ቀጥሎ የሕፃናትና የሴቶች ድምፅ ራቀኝ። ሰው ሲናገር ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ሰ፣ ፈ፣ ሸ ጠፉብኝ። ኃይለኛ ጩኸት ቀድሞ የሚጎዳው ቀጫጭኑን ድምፅ የሚቀበሉትን የውስጥ ጆሮ ሴሎች ነው። እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች የሚመክሩት ጣሪያ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በየኤርፖርቱ ለማገኘው ሠራተኛ ሁሉ እነግራለሁ፣ ሰልችቶኝም አያውቅም።

ከጉዝ ቤይ ደቡብ ግሪንላንድ ውስጥ እስካለችው ናርሳርስዋክ 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሀሉ ውሃ ብቻ። ውሃ የማያስገባውን ብርቱካናማ ልብስ እስከ ወገባችን ለብሰን ተነሳን። እዚያ ባሕር ውስጥ ያለዚህ ልብስ የገባ ሰው እጁ የሚታዘዝለት ለደቂቃዎች ነው።

የላብራዶር ዳርቻ ከኋላችን ሲጠፋ የመሬቱ ሬዲዮም አብሮ ጠፋ። ዝቅ ብለን ስለምንበር ድምፃችን ሩቅ አይደርስም። እንዲህ ሲሆን ትንንሽ አውሮፕላኖች ከላያቸው የሚያልፈውን ትልቅ ጄት ይለምናሉ። ጋሼ ያለንበትን ቦታ ተናገሩ። አንድ የማናውቀው ካፒቴን ከላይ ተቀበላቸው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መልሶ አነበበላቸው፣ «ልክ ነው» አሉት፣ እሱም ለመሬት አስተላለፈልን። ከዚህ ሁሉ እኔ የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። ጋሼ ጭናቸው ላይ ባሰሩት ሰሌዳ ጽፈው አሳዩኝ። እንዲጽፉልኝ አልጠየቅኳቸውም።

በበረራ ሥራ ማንም ሰው ጥሩ ይሰማል ተብሎ አይታመንም። የተነገረህን ደግመህ ትናገራለህ። ፊደል እንኳ በስም ነው የሚጠራው፣ ቢ ከዲ ጋር እንዳይምታታ «ብራቮ» ይባላል። ሬዲዮ ቢበላሽ ከኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ ማማ በመብራት ያናግሩሃል። የማያቋርጥ አረንጓዴ ካየህ ማረፍ ትችላለህ። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ከሆነ ኤርፖርቱ አደገኛ ነው፣ አትረፍ ማለት ነው። ለዚህ ጥንቃቄ ብዙ ሕይወት ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ደሴት ቴነሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሁለት የሬዲዮ መልእክቶች ተደራርበው መታፈናቸው ነበር። እዚያ የነበሩት ፓይለቶች የጆሮ ችግር አልነበረባቸውም።

መሬት ላይ ግን «ምን አልከኝ?» ብለህ ሁለቴ ከጠየቅክ መልሱ «ተወው፣ ምንም አይደል» ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይስቃል። ምን አሳቃችሁ ስትል፣ «ተወው»። ከመስማት ችግሩ በላይ ያገለለኝ ይህ ነው። መጮኽም አይጠቅመኝም። ፊትህን አዙረህልኝ ረጋ ብለህ ብትናገር፣ ካልገባኝም በሌላ ቃል ብትደግምልኝ ይበቃኛል።

መስማት የተሳነው ሰው ማብረር ይችላል ወይ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ያቋረጠው ካልብሬዝ ሮጀርስ፣ በልጅነቱ ስካርሌት ፊቨር የሚባል የትኩሳት በሽታ ይዞት ጆሮው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በየመንገዱ እየወደቀ፣ እያስጠገነ ከኒውዮርክ ካሊፎርኒያ ገባ። ኔሊ ዊልሃይትም ከሕፃንነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1928 የበረራ ፈቃድ አገኘች። ዛሬም በአሜሪካ ምንም የማይሰማ ሰው ፓይለት መሆን ይችላል። የሚከለከለው ሬዲዮ ግዴታ በሆነበት በረራ ላይ ነው።

የግሪንላንድ ተራሮች ከደመናው ሥር ብቅ ሲሉ ጋሼ ትከሻዬን መታ አደረጉ። በቱኑሊያርፊክ ፊዮርድ፣ በተራሮች መሀል በገባው ጠባብ የባሕር ክንድ፣ ውስጥ ገባን። ግራና ቀኝ ተራራ፣ ታች ሰማያዊ የበረዶ ቋጥኝ። ማረፊያው ጫፉ ላይ ነው፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት፣ ወደ ላይ ያዘነበለ። ጋሼ የእግሩን ማውረጃ ነኩ። እኔ መብራቶቹን አይቼ ሦስት ጣት አሳየኋቸው፣ ሦስቱም ጎማዎች ወርደዋል። ቃል ሳንነጋገር አረፍን።

ማታ ባደርንበት ቤት አንድ አዛውንት ጆሮዬን አይተው በልጃቸው በኩል ጠየቁኝ። እሳቸውም መሣሪያ አላቸው፣ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሳህን ድምፅ እንኳ ያስደነግጣቸዋል። ይህ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። መሣሪያ እንደ መነጽር ባደረጉት ቅጽበት አይሠራም። አእምሮ የረሳውን ድምፅ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። ጸጥ ባለ ቤት፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ይጀምሩ አልኳቸው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ ሕክምናና ድጋፍ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለበት ሰው ከ430 ሚሊዮን በላይ ነው። ስንቱ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ቀጣዩ ማረፊያችን፣ የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ፣ ከዚህ 1,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግሪንላንድ ምሥራቅ ዳርቻ ክንፍ ላይ በረዶ የሚጋግር ደመና ተኝቷል። ጋሼ ትንበያውን አይተው «ነገ አንነሳም» አሉ። ለአዛውንቱ ነገርኳቸው። መሣሪያቸውን ይዘው ከቁርስ በኋላ ሊመጡ ተቀጣጥረናል።