እንጦጦ ላይ የሚበር ጎማ ሱሉልታ ላይ ሲለግም

መስከረም መጨረሻ ነው፣ ሱሉልታ ሜዳ መሃል ሳይክሌን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አንድ እግሬ በካልሲ ነው፣ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እየፈለግኩት። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባባ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "አንተ ልጅ፣ እሱ ነው አንተን የሚሸከመው ወይስ አንተ ነህ እሱን?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሁሉ አልፈውኝ ሄደዋል። ውድድሩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እርስ በርስ የምናደርገው ነው፣ ሽልማቱ ምሳ ነው፣ ከፋዩ ደግሞ መጨረሻ የወጣው ሰው። እኔን ያናደደኝ ግን ምሳው አይደለም፣ ግንቦት ላይ እንጦጦ በዛው ሳይክል በዛው ጎማ አንደኛ ወጥቼ ነበር እኮ!

ያን ቀን የፊቱም የኋላውም ማክሲስ አይኮን የሚባል ጎማ ነበር። አይኮን መጥፎ ጎማ እንዳይመስላችሁ፣ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ በጣም ነው የምወደው፣ ጥርሶቹ አጫጭርና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ብዙም ሳትለፋ ይሄድልሃል። ዋልካ ላይ ግን ጣጣው የሚመጣው ከዛው ከጥቅጥቅነቱ ነው፣ ጭቃው ጥርሶቹ መሃል ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ሌላው በላዩ ይለጠፋል፣ ሃያ ሜትር ሳትሄድ ጥርስ የሚባል ነገር አይታይም፣ ሊጥ የተጠቀለለበት ጎማ ነው የምትነዳው። ቀጥሎ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ጋ ይሞላና ጎማው መዞሩንም ያቆማል። ይሄን ለአባባ ላስረዳ ስሞክር ሳቁብኝ። "እኛ ኮቲቻ ነው የምንለው" አሉኝ፣ "እንኳን ያንተ ብረት በሬም ይለግምበታል።"

ያሸነፈው ልጅ ሽዋልቤ ደርቲ ዳን የሚባል የጭቃ ጎማ አድርጎ ነው የመጣው፣ 2.0 ኢንች፣ ጠዋት ስናየው ቅጥነቱ አስቆን ነበር። ጥርሶቹ ረጃጅም ናቸው፣ በጣም የተራራቁ፣ ቀጭን ስለሆነ ላይ ላዩን ያለውን ልል ጭቃ ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንከር ያለ መሬት ይይዛል፣ የያዘውን ጭቃ ደግሞ ትንሽ ፍጥነት ሲያገኝ ወደ ኋላ ይተፋዋል (ከኋላው የነዳ ያውቃል፣ ጥርሴ መሃል ሳይቀር ገብቷል)። ከፎርኩ ጋር ያለው ክፍተትም ሰፊ ስለሚሆን ቶሎ አይታፈንም። እሱም ቢሆን አንድ ሁለት ቦታ ወርዶ ጭቃውን በእንጨት ፍቋል፣ ዋልካ በደንብ ከራሰ ሁሉንም ያስወርዳል። አስፋልት ላይ ሲመለስ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ ነው የገባው።

ግን ይሄን አንብባችሁ የጭቃ ጎማ ገዝታችሁ ጥር ላይ እዛው ሜዳ እንዳትሄዱ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰብስቦ ይሰነጠቃል፣ በጋ ላይ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ ቀጭን ጎማ በቁመቱ ከገባበት ሳይክሉ እዛው ይቀርና አንተ ትቀጥላለህ። በጋ ላይ እዛ 2.35 ወይ 2.4 ነው የማደርገው፣ ሰፋ ያለው ስንጥቁን ዘሎ ያልፋል።

እንጦጦ ሌላ አገር ነው በሉት። ከሱሉልታ የሚለየው ያ ተራራ ብቻ ነው፣ አፈሩ ግን ቀይ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ማታ ዘንቦ በነጋታው ከሰአት ትነዳበታለህ። ፓርኩ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ለሳይክል የተሰራ መንገድም አለ፣ እኛ ግን እስካሁን ልባችን ያለው ከፓርኩ ውጪ ባለው የእግር መንገድ ላይ ነው። በበጋ ታቹ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፣ ላዩ አቧራ ነው፣ አቧራው ላይ ደግሞ የባህር ዛፍ ፍሬ። ይቺን ፍሬ እዚህ ያልነዳ ሰው አያውቃትም፣ የኮት ቁልፍ የምታክል ደረቅ ነገር ናት፣ ኩርባ ላይ ጎማ ስር ስትገባ እንደ ኩሽኔታ ትሽከረከርና ሳይክሉን ከስርህ ይዛው ትሄዳለች። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ የሷ ነው።

ለዛ ነው ፊትና ኋላ አንድ አይነት ጎማ ማድረግ የተውኩት። የኋላው ቢንሸራተት ደንግጠህ ትመልሰዋለህ፣ የፊቱ ሲንሸራተት ግን መሬት ላይ ሆነህ ነው የምታውቀው። አሁን ፊት ላይ የጎን ጥርሶቹ ጎላ ጎላ ያሉ፣ ላስቲኩም ለስለስ ያለ ጎማ አደርጋለሁ፣ ኋላ ላይ መሃሉ ዝቅ ያለ ፈጣን ጎማ። ሽዋልቤ ራሱ ሬሲንግ ሬይን ለፊት፣ ሬሲንግ ራልፍን ለኋላ ብሎ ለይቶ ነው ያወጣቸው፣ ቪቶሪያ የሚወዱት ደግሞ ፊት ባርዞ ኋላ መዝካል ያደርጋሉ። ለስላሳው ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፣ ኮረት መንገድ ላይ ከነዳችሁትማ በአንድ ወቅት ነው የሚሰናበታችሁ፣ ስለዚህ እኔ ከውድድር ውጪ አላወጣውም። ክብደትም አለ፣ የእንጦጦ አናት ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥርህ ከባድ ጎማ የገዛህበትን ቀን ትረግማለህ። (ቁልቁል ስትመጡ እንጨትና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ካያችሁ ግን ውድድርም ይሁን ምን ፍሬን ያዙና ዳር ቁሙ፣ እነሱ መንገድ መልቀቅ የለባቸውም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ንፋስ። ጎማ ላይ ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ንፋሱን በአውራ ጣቱ የሚለካ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ፣ እኔም ነበርኩ። ሰፈር ያሉት ጎሚስታ ጋ ስሄድ ኮምፕረሰሩን ይሰኩትና ድንጋይ እስኪመስል ይሞሉታል፣ "ጋሼ በቃ በቃ" ስላቸው "ይጠንክርልህ እንጂ ልጄ፣ ምን ቆጠብክ!" ይሉኛል፣ ከልባቸው ነው፣ የለመዱት የጭነት መኪና ነው። ቤት ሄጄ ስለካው 55 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)። በ55 ድንጋይ ላይ ስትወጣ ጎማው አይታጠፍም፣ ይነጥራል፣ መሬቱን የሚነካው ክፍል ትንሽ ስለሆነ አቧራ ላይ ዳንስ ነው። እኔ 68 ኪሎ ነኝ፣ በ2.25 ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌለው ጎማ) ደረቅ መሬት ላይ ፊት 20 ኋላ 22 ነው የምሞላው፣ ለጭቃና ለእርጥብ የዛፍ ስር ሁለት እቀንስበታለሁ። በከመነዳሪ ከሆነ ይሄን አትሞክሩት፣ ድንጋዩ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ያጋጨውና ከመነዳሪው ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል፣ በከመነዳሪ ከ28 በታች አልወርድም። የምትገዙት መለኪያ በባር ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። መለኪያው ራሱ ከጎማ በጣም ይረክሳል፣ መጀመሪያ እሱን ግዙ።

ቲዩብለስ እዚህ አገር አንድ ራስ ምታት አለው፣ ቀዳዳ እንዲደፍን ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ። የቀጋና የአጋም እሾህን እንደ ተአምር ነው የሚደፍነው ግን ውስጡ ይደርቃል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ላስቲክ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ እና እንደልብ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው በኛ መሃል ክብሩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ መኖሩን ሳላይ ወጥቼ የቡራዩን መንገድ ግማሹን በእግሬ መጥቻለሁ።

ስለ መጠን ባጭሩ፣ የ26 ኢንች ጎማ መርካቶ ሞልቷል፣ 29 ስትሉ ነው ነገር የሚመጣው። ሻጩ የሚላችሁን ትታችሁ ጎኑ ላይ የተጻፈውን እዩ፣ 559 ካለ 26 ነው፣ 584 ካለ 27.5፣ 622 ካለ 29። አንድ ሱቅ "ይሄም ይገባል፣ ይለጠጣል" ብለውኝ ገዝቼ ጎማው እስካሁን ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ይዞልኛል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ብቻ አያታልላችሁ፣ ጎኑን አጠፍ አድርጋችሁ መሰንጠቁን እዩ።

የሚገርመው ይሄ ጣጣ የኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። የቶኪዮ ኦሎምፒክ በፈረንጆቹ 2021 ሐምሌ 26 የወንዶቹ የተራራ ሳይክል ውድድር በደረቅ መሬት ተደርጎ እንግሊዛዊው ፒድኮክ አሸነፈ፣ ሌሊቱን ዘነበ፣ በነጋታው ሴቶቹ እዛው ኢዙ፣ ያው ቦታ፣ ጭቃ ውስጥ ነው የተወዳደሩት፣ ዮላንዳ ኔፍ አሸንፋ ስዊዞቹ ከአንድ እስከ ሶስት ወጡ። የአንድ ሌሊት ዝናብ ነው እንግዲህ። እነሱ ግን ከኋላቸው መካኒክና መኪና ሙሉ ጎማ አለ፣ እኔ ያሉኝ ሁለት የፊት ጎማዎች ናቸው።

እና ያን የመስከረም ቀን ጫማዬን ካገኘሁ በኋላ የአባባን ስልክ ተቀበልኩ። አሁን ሱሉልታ ውድድር ካለን ቅዳሜ ማታ እደውልላቸዋለሁ፣ የስልኬ የአየር ሁኔታ የሚለኝ አዲስ አበባን ነው፣ እሳቸው የሚነግሩኝ ሜዳውን። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የላሞቹ እግር እስከ የት ጭቃ እንደነካው እጠይቃቸዋለሁ። ኮቴ ብቻ ካሉኝ ፈጣኑን፣ ከኮቴ ካለፈ የጭቃውን። ያለፈው ቅዳሜ "ኧረ እስከ ጉልበት ነው ልጄ" አሉኝ፣ እሺ አባባ የጭቃ ጎማ አደርጋለሁ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና "ለምን በእግርህ አትመጣም፣ ቡና እናፈላለን" አሉኝ።

ሄድኩ፣ በእግሬ። ቡናው ጥሩ ነበር፣ ምሳውን ደግሞ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።