አቧራው ይቆይ

ዛሬ ሊቨርፑል ውስጥ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ላዝ የሚባለውን የሮክ ባንድ አልበም አነሳሁ። ሻጩ፣ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ሽፋኑን በእጅጌው ሊጠርግ ካለ በኋላ ተወው። «አቧራው ይቆይ፤ ሊ ማቨርስ ደስ ይለዋል» ብሎ ሳቀ።

የባንዱ ዘፋኝ ማቨርስ የስቱዲዮው ዕቃ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አቧራ ከሌለበት አልቀዳም ብሏል ይባላል። (ወሬው ቅመም ሳይበዛበት አልቀረም።) እዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው ባንድ ፕሮዲዩሰር ሲቀያይር ከርሞ በ1990 አንድ አልበም አወጣ። ማቨርስ ግን አልወደደውም፤ በአደባባይም ተናገረ። በ1991 ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ፓወር ጥሎት ሄደ። ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም የለም።

አልበሙ እንግዳው ጣቱን እየላሰ፣ የሠራችው ሴት «ጨው አንሶታል» እንደምትለው ወጥ ሆነብኝ። ሸክላውን ከነአቧራው ይዤ ወጣሁ።