ኦሪጅናሉ የት አለ?

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት 180,000 ብር ያበደሩበትን ውል ይዘው መጡ። ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። «ልጄ፣ አደራ እንዳይጠፋ» አሉኝ። «እትዬ፣ አያስቡ» አልኩ። ወርጄ በከለር ኮፒ አስደረግኩና ኦሪጅናሉን ፋይል ውስጥ ከተትኩ። የከተትኩ መስሎኝ።

ተበዳሪው «ፊርማው የእኔ አይደለም» ብለው ካዱ። አልደነገጥኩም። ዳኛዋ «ዋናው ይቅረብ» ሲሉ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። እስክሪብቶ ተጭኖ ያለፈበት ወረቀት ጀርባው ይጎረብጣል። ይሄኛው ልስልስ ያለ ነው።

«ጠበቃ፣ ይሄ እኮ ኮፒ ነው!»

ላብ አጠመቀኝ። ተከሳሹ ሰነዱን ቢያምኑ ኖሮ ኮፒውም ባላስቸገረ። ፊርማ ሲካድ ግን መርማሪው የእጅ ጫናውን ማየት ይፈልጋል፤ ኮፒ ላይ እሱ የለም። ምስክር ልጥራ እንዳልል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት (ተበዳሪው ራሱ ሲያምን) ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። (500 ብር! ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይገዛም።) ቁጥር 2003 ሰነዱ መጥፋቱን፣ መሰረቁን ወይም መውደሙን ላስረዳ ሰው ምስክር ይፈቅዳል። እኔ ምን ብዬ ላስረዳ? «የጣልኩት እኔ ጠበቃቸው ነኝ» ልበል? በዚያ ላይ ውሉ ላይ ከፈረሙት ሁለት እማኞች አንዱ ሞተዋል።

ቀጠሮ ተሰጠኝ። በቀጥታ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረርኩ። ልጁ ምንም አልገረመውም። ከጠረጴዛ ሥር ካርቶን ጎትቶ አወጣ። «ሰው ክዳኑ ሥር ረስቶ የሚሄደውን እዚህ ነው የምከተው።» መታወቂያ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የጋብቻ ሠርተፍኬት። ከሁሉም ሥር የእትዬ ውል! ጥጉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። ጀርባውን ዳሰስኩት። ይጎረብጣል።

ፊርማው ተመረመረ፤ የተበዳሪው ሆኖ ተገኘ። ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ግን ከዚያ ወዲህ ወረቀት ለእኔ አይሰጡም። አብረውኝ ይወርዳሉ፤ ኮፒው ሲያልቅ የማሽኑን ክዳን ራሳቸው ከፍተው ያያሉ።